የጃርቷ ካርድና የቁራው መሐላ

ተረት ልጀምር ነው። «የላም በረት» ብላችሁ የምትመልሱልኝ ካላችሁ ግን ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ላሟ ስንት ጥጃ እንዳላት፣ በረቱስ በየት በኩል እንደሆነ ጆሮውን አቁሞ የሚያዳምጥ አይጠፋም።

ከትልቁ ወንዝ ወዲህ ባለ አንድ ጫካ የሚኖሩ እንስሳት የሚገበያዩት በጨው ነበር። ጨው ደግ ገንዘብ ነው፤ አይናገርም። ማን እንደሰጠው፣ ማን እንደተቀበለው፣ ምን እንደተገዛበት ቢጠይቁት መልስ የለውም። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት፤ ይላሳል። ሚዳቋ ለልጆቿ ጎመን ልትገዛ ትወጣና ገበያ ሳትደርስ ገንዘቧን ጨርሳው ትመለሳለች። ዝናብ የመጣ ቀን ደግሞ ጠዋት ሀብታም የነበረው ሁሉ ማታ እርጥብ ቅጠል ታቅፎ ያድራል።

ጅብ ይህን አይቶ አዘነ። ጅብ ሲያዝን ስብሰባ ይጠራል።

«ወገኖቼ፣» አለ ጉባኤው ሲሰበሰብ፣ «ጨዋችሁን እኔ ዋሻ አስቀምጡ። እኔ የምወደው ሥጋ ነው፤ ጨው አልነካም፤ ስለዚህ ከእኔ የተሻለ ጠባቂ አታገኙም። በምትኩ ለእያንዳንዳችሁ የእግራችሁ አሻራ ያለበት ቅርፊት እሰጣችኋለሁ። ካርድ ይባላል። ከወንዙ ማዶ እንኳ ብትሄዱ ለነጋዴው ካርዳችሁን ታሳያላችሁ፤ ቁራ ወደ እኔ በርሮ ይመጣና ‹እገሌ ከእገሌ ሱቅ ይህን ያህል ሊከፍል ነው፣ ሒሳብ አለው ወይ?› ይለኛል። እኔ ‹አለው› እላለሁ። በቃ፣ አለቀ።»

እማማ ኤሊ አንገቷን ብቅ አደረገች። «ቁራው ሲመጣ በመንገድ ላይ ዝም ብሎ ነው የሚመጣው?»

ጉባኤው ሳቀ። ኤሊ ቤቷን በጀርባዋ ይዛ የምትዞር ስለሆነች ማንንም የማታምን ኋላቀር ተደርጋ ነበር የምትቆጠረው።

«ቁራ ይምላል፤» አለ ጅብ። ቁራም ወዲያው ክንፉን ዘርግቶ ምስጢር ላያወጣ ማለ። በጣም ጮክ ብሎ ስለማለ መሐላው ከወንዙ ማዶ ሳይቀር ተሰማ።

«ለመሆኑ የሚደብቀው ነገር የሌለው ምን ያስፈራዋል?» አለ ነብር ከተጋደመበት ሆኖ። «እኔን እዩኝ፤ ምን ደብቄ አውቃለሁ?» እውነቱን ነበር። ጥፍሩን ካልሆነ በቀር ምንም ደብቆ አያውቅም። ጉባኤው በጭብጨባ ተቀበለውና የጨው ዋሻው ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ መረጠው።

ከዚያ በኋላ ጨው ይዞ ገበያ የወጣ እንደ ባላገር ይታይ ጀመር። ዝንጀሮ የሙዝ ሱቁ በር ላይ ጨው እንደማይቀበል አስታወቀ። ጦጣ ካርዷን በአንገቷ አንጠልጥላ መዞር ጀመረች፤ የምትገዛው ባይኖራትም እንኳ ታሳየው ነበር።

በዚህ ጫካ አንዲት ጃርት ከትንሽ ልጇ ጋር በጉድጓድ ትኖር ነበር። እትዬ ጃርት ይሏታል። ነብር በየምሽቱ በደጇ ሲያልፍ ቆም ይልና «ደህና አመሹ? ልጅዎስ ደህና ናት?» ይላል። እሷም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ እሾህዋን አንዴ ታንቀጫቅጫለች። እሱም መንገዱን ይቀጥላል። በመካከላቸው የነበረው መከባበር ሙሉ በሙሉ በእሾህ ላይ የቆመ ነበር።

አንድ ክረምት ላይ የጃርት እሾህ ይረግፍ ጀመር። መጀመሪያ ከጀርባዋ፣ ቀጥሎ ከጎኗ። የረገፈውን እየለቀመች በዛፍ ሙጫ መልሳ ትለጥፈው ነበር፤ ነብር ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ማንቀጫቀጥ አልቻለችም። ብታንቀጫቅጥ ይወድቅባታል። «ዛሬ ጉንፋን ይዞኛል» ትለዋለች። ነብርም «አይዞዎት» ይልና ከቀድሞው ትንሽ ቆየት ብሎ ይሄዳል። ጃርት ያቺ ቆየት ማለቱ እንቅልፍ ነሳቻት።

ከወንዙ ማዶ እሾህ የሚያበቅል ሥር የሚያውቅ ፍልፈል አለ ሲባል ሰምታ ነበር። መሄድ አለባት፤ ማንም ግን ለምን እንደሄደች ማወቅ የለበትም። ነብር እሾህ እንደሌላት ካወቀ እሷም ልጇም ያበቃላቸዋል። ስለዚህ ጨዋን ልታወጣ ወደ ጅብ ዋሻ ሄደች።

«ጨዎትን?» አለ ጅብ፣ ቃሉን ከሰማ የቆየ ይመስል። «ለምን ፈልገውት ነው?»

«ለመንገድ።»

«ወዴት?»

«ዘመድ ልጠይቅ።»

«ምን ዓይነት ዘመድ?»

«አያ ጅቦ፣ ጨው እኮ የራሴ ነው።»

«እንዴታ! የራስዎ ስለሆነ እኮ ነው እንዲህ የምንጠነቀቅልዎ፤» አለ ጅብ። «ይዘው ወንዙን የሚሻገሩት ጨው ከአንድ መዳፍ አይበልጥም። ደንብ ነው። ካርድዎ ግን የትም ይሠራል፤ ምስጢርዎም እኛ ዘንድ የተጠበቀ ነው።»

እሷን ያስፈራት እነሱ ዘንድ መሆኑ ነበር። አንድ መዳፍ ጨው ተቀበለች፣ ካርዷን ያዘች፣ ልጇን ጉድጓዱ ውስጥ ደብቃ «ማንም ቢጠራሽ እንዳትወጪ» ብላ ተነሣች።

መንገድ ላይ ድኩላን አገኘችው። እሱም ወደ ማዶ ለንግድ እየሄደ ነበር፤ ደንቡን ንቆ ጨዉን በቅጠል ጠቅልሎ በቀንዱ ላይ ጠምጥሞታል።

«ካርድ ይዘሽ ነው የምትሄጂው እትዬ?» አላት። «እኔ በቁራ አላምንም። ገንዘቤን ራሴ ነኝ የምጠብቀው።» ይህን ብሎ ጥቅልሉን ፈታና ትንሽ ላሰ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ሐሰተኛ ጨው እንዳይሆን እያረጋገጥኩ ነው።»

እስከ ወንዙ ድረስ ብዙ ጊዜ አረጋገጠ። የተረፈችውን ደግሞ ሲሻገሩ ውሃው ወሰዳት። ድኩላ ማዶ ሲደርስ የቀረው ሀብት ቀንዱ ላይ ያለው ጨው ጨው የሚል ጣዕም ብቻ ነበር። አንድ የማዶ ነጋዴ ቀንዱን አንዴ ላሰለትና አንድ ራስ ጎመን ሰጠው። ድኩላ ጎመኑን እየበላ «ቢሆንም ማንም አላወቀብኝም» አለ። ጃርትም መዳፍ ሙሉ ጨዋን ከእሾህዋ መሀል ሸጉጣው ነበር፤ ወንዙ ሙጫውን አላቀቀና እሾሁንም ጨዉንም አንድ ላይ ይዞት ሄደ። ማዶ የወጣችው ራቁቷን ነው ማለት ይቻላል። ካርዷ ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲህ ያለው ነገር ውሃ አይበግረውም።

ፍልፈል ከመሬት በታች ነበር የሚያክመው። የቤቱ ስም «እሾህ ማብቀያ» ይባላል።

«ዓይኔ ስለማያይ ማን እንደሆኑ አላውቅም፣ አልጠይቅምም፤» አላት ጀርባዋን በመዳፉ እየዳበሰ። «ሥሩን ከበሉ ዝናቡ ሲያባራ ይበቅላል። ደግሞ ከዚህ ቤት የታማሚ ወሬ ወጥቶ አያውቅም። በምን ይከፍላሉ?»

«ዱቤ ይሆናል?»

«ዱቤ የለም፤ ካርድ ነው።»

ጃርት ወደ ጉድጓዱ አፍ አየች። ቁራ ተቀምጦ ላባውን እያበጠረ ይጠብቃል።

«እባክዎን፣» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ክፍያውን በጎመን ቤት ስም ያድርጉልኝ። እኛ አገር ነጋዴው ሁሉ እንዲህ ያለውን ይተባበራል።»

ፍልፈል ተቀየማት። «እዚህ አገር ደረሰኝ አይዋሽም፤» አለ።

ጃርት ልጇን አሰበች። ያለ እሾህ ብትመለስ ዛሬ ባይሆን ነገ ነብር ያውቃል። ካርዷን ሰጠች። ቁራም በረረ።

ቁራ መሐላውን አላፈረሰም። ወንዙ ዳር ላይ ለጉማሬ ብቻ ነገረው፣ ያውም በምስጢር። ለዝንጀሮ የነገረው መንገድ ለማጣራት ነው። ጦጣ ደግሞ ጠይቃው ዝም ማለቱ ነውር መስሎት ነው። ጅብ ዋሻ ደርሶ «ጃርት ከእሾህ ማብቀያ ቤት ልትከፍል ነው፤ ሒሳብ አላት ወይ?» ሲል ጅብ «አላት» አለ፤ ቀጥሎም እንደ ደንቡ ለቦርድ ሰብሳቢው ሪፖርት አደረገ። ነብር ሪፖርቱን ተጋድሞ ሰማው፤ ሰምቶም ተነሥቶ ተንጠራራ።

ቁራ በማግስቱ ተመለሰ። «ተፈቅዷል፤» አላት። «አያ ጅቦ ሰላም ብለውዎታል። ጌታው ነብርም እሾህዎ ቶሎ ይብቀልልዎ ብለዋል። እስከዚያ ልጅዎ ብቻዋን እንዳትፈራ እሳቸው ደጅዎ ላይ ተቀምጠዋል።»

ጃርት ሥሩን እንደያዘች ቀረች። ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ አትችልም፤ ልጇ አንድ ቀን ይርባትና ትወጣለች። ራቁቷን ብትመለስ ደግሞ ለነብር ሁለተኛ ምሳ መሆን ነው። ሥሩን አኝካ ዋጠችና መንገድ ለመንገድ እያለቀሰች ሄደች። ለቅሶዋን ያቆመችው አንድ ሱቅ በር ላይ ስትደርስ ነው። ሱቁ የእፉኝት ነው፤ «መርዝ ቤት» ይባላል።

«አንድ ባዶ ቅል ሽጪልኝ፤» አለቻት ለእፉኝት።

«መርዙስ?»

«መርዝ አልፈልግም። ቅሉን በመርዙ ዋጋ ሽጪልኝ። የቀረኝን ሒሳብ ሁሉ ውሰጂ።»

እፉኝት እንዲህ ያለ ደንበኛ አይታ አታውቅም። ቅሉን ጠራርጋ ሰጠቻት። ጃርት ደጅ ላይ ለሚጠብቀው ቁራ ካርዷን አሳየች፤ ደረሰኝ የማይዋሽበት አገር ነውና ቁራ ከደረሰኙ ያየውን ይዞ በረረ፦ ጃርት፣ ከመርዝ ቤት፣ ያላትን ሁሉ።

ጉማሬ ጋ ሲደርስ ጃርት እሾህዋን በሙሉ መርዝ ነከረች ተባለ። ዝንጀሮ ጋ ሲደርስ መርዙ በጥላዋም አለ ተባለ። ጦጣ ጋ ሲደርስ ትንፋሿ ብቻውን ዛፍ ያደርቃል ሆነ። ነብር ከጃርት ደጅ ላይ ተነሥቶ ስለ ጤናው ሲል ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ቁራ መልሱን ሊያደርስ ሲመለስ ሩቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ «ተፈቅዷል» አለና ሄደ። የማንንም ሰላምታ አላደረሰም።

ጃርት ቅሉን በአንገቷ አንጠልጥላ ተመለሰች። ጀርባዋ ላይ አንድ እሾህ አልነበረም። ነብር ከሩቅ አያትና ጎንበስ አለ።

«እንኳን ደህና ገቡ። ልጅዎን ስጠብቅልዎ ነበር።»

«አየሁ፤» አለች ጃርት።

አልፋው ገባች። ራቁት ጀርባዋን እያየ አንድ እርምጃ አልቀረባትም። ዓይኑ እሾህ እንደሌላት ይነግረዋል፤ ቁራው ግን መርዝ አላት ብሏል፤ ነብር ደግሞ የተማረ ስለሆነ ዓይኑን አላመነም።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን በማግስቱ ጎረቤቶቿ ከምንጩ ዳር ሲያዩዋት ተበተኑ። ዝንጀሮ ሙዝ አልሸጥላትም አለ። ጉባኤው ያለ እሷ ተሰብስቦ ስለ እሷ ተወያየ፤ የሚደብቁት ነገር የላቸውም የተባሉት ሁሉ በየጉድጓዳቸው ተደበቁ። ጅብ «ለደንበኞቻችን ደህንነት ሲባል» ካርዷ መዘጋቱን አስታወቀ። ጃርት ሄዳ «የገዛሁት ባዶ ቅል ነው» ልትል አሰበች፤ ነገር ግን ጅብ የሰማውን ሁሉ ነብር ይሰማዋል። ሐሳቧን ተወችው።

ዝናቡ አባራ፣ እሾህዋም በቀለ፣ ከድሮው አምሮ በቀለ። ያየላት ግን የለም፤ አንድም ቀርቦ የሚያያት ስላልነበረ ነው። እማማ ኤሊ ብቻ አንዳንዴ ትመጣለች፤ እሷም ብትሆን ቤቷ ውስጥ ሆና ነው የምታወራት።

አንድ ምሽት ጃርት ጉድጓዷ ውስጥ ጋደም አለችና ልጇን ጠራቻት። «ነይ፣ እዚህ ተኚ። ይበርድሻል።»

ልጇ ከወዲያኛው ጥግ አልተነሣችም። እናቷ ከማዶ ከተመለሰች ጀምሮ እዚያው ጥግ ነበር የምትተኛው። ጃርት እስካሁን ኩርፊያ መስሏት ነበር።

«ምን ሆነሻል?»

«መርዙ እንዳይነካኝ ነው።»

ጃርት ቅሉን አወረደችና ገለበጠችው። ምንም አልወጣም። እጇን ከትታ አወጣችው፣ ላሰችውም። «ይኸው ባዶ ነው። ድሮም ባዶ ነው። ነብር እንዳይነካሽ ብዬ ነው የገዛሁት።»

ልጅቷ ይብስ ወደ ግድግዳው ተጠጋች። «ቁራው መርዝ ነው ብሏል።»

«እኔ እናትሽ ነኝ እኮ የምነግርሽ።»

«ቁራው ምሏል እኮ፣ እማዬ። ሁሉም ሰምቷል።»

ጃርት ቅሉን ወርውራ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«እንግዲያው ሂጂና እሱኑ ጠይቂው፤» አለቻት። «እናትሽ መሆኔንም እሱው ያረጋግጥልሽ።»