ሊቀ ማስታወቂያ ሻዝሊ

በእስክንድርያ ቤተ ሙከራዎች እንዲህ ይወራል፦ ክቡር ዶክተር ሻዝሊ አውሮፕላን ሲፈሩ ለጉድ ነው፤ ለዚህም ነው የውጭ አገር የምርምር ሥራ ማስታወቂያ ለሰው ሁሉ ሲያድሉ ራሳቸው አንድም ቀን አመልክተው የማያውቁት።

እኔን ግን ወሬው አልዋጥልህ አለኝ። ሰውየው ጠዋት ጠዋት በሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥለው የባሕሩን መንገድ እየከነፉ የሚመጡ ናቸው። ከዚያ የተረፈ ሰው አውሮፕላን ምኑ ነው?

ዶክትሬቱን ይዞ፣ ሁለት ዓመት የሚያሠራው አገር የሚፈልግ ሰው ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ አብሳሪ አይታጣም። የኛው ሊቀ ማስታወቂያ ግን ይብሳሉ። የእህታቸው ሰርግ ላይ፣ ሙሽራው ቀለበት ሊያጠልቅ ሲል ስልካቸውን አይተው "ደቡብ ኮርያ ቅጥር ከፈተች!" ብለው ጮኹ። እልልታው ለሙሽሮቹ ይሁን ለኮርያ እስከ ዛሬ አልለየም።

አንድ ጣልያናዊ ፕሮፌሰር ደግሞ "ደመወዝህን ራስህ ይዘህ ከመጣህ በደስታ እንቀበልሃለን" ብሎ ጻፈልኝ። ሻዝሊ "በደስታ" የምትለዋን ብቻ አንብበው ለቤተ ሙከራው ሁሉ ባስቡሳ አከፋፈሉ። ዓረፍተ ነገሩን የጨረስነው ጣፋጩን ከጨረስን በኋላ ነው።

ዘንድሮ ግን ቀልድ አልነበረም። ውሌ በዚህ ወር ያልቃል፤ ቀጥሎ የሚጠብቀኝ የአጎቴ የሴራሚክ ሱቅ ነው። እንዲህ ሆድ ብሶኝ ሳለሁ ሻዝሊ የፉል ሳንድዊቻቸውን እንደ ባንዲራ እያውለበለቡ ደረጃውን ወጡት።

"ዋጊህ! እንኳን ደስ አለህ! ኮፐንሃገን! የባሕር ውሃን ከጨው ማጣራት!"

"ዶክተር፣ ገና አላመለከትኩም እኮ።"

"እሱ የወረቀት ጣጣ ነው! ሻንጣ አለህ?"

አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቅ ጠሩኝ! ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ለልምምድ ካፌ እንቀመጣለን። ሻዝሊ ፊታቸውን እንደ ዴንማርክ ክረምት አቀዝቅዘው ፕሮፌሰር ይሆናሉ፤ እኔ ላቤ ጠብ ይላል። የካፌው ዶሚኖ ተጫዋቾችም ጨዋታቸውን አቁመው ፈራጅ ሆነዋል። "ይሄ መልስ እንኳን ዴንማርክ፣ ካይሮም አያስቀጥር!" ይሉኛል።

ትናንት ሳያቸው አንጀቴን በሉት። ሙያቸው ከኔው ጋር አንድ ነው፣ ውሃን ከጨው ማጣራት፤ እውቀታቸው ግን ከኔ ይልቃል። እንዲህ ለሰው ሲባዝኑ ሊቀሩ ነው ብዬ አዘንኩ።

"ዶክተር፣ እንደሚወራው አውሮፕላን ባይፈሩ ኖሮ እኮ ይሄ ቦታ የእርስዎ ነበር" አልኳቸው።

የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አደረጉት።

"ማን ነው የሚፈራው? ያላመለከትኩበት አገር የለም! ኮርያውም፣ ጣልያኑም፣ ይሄው ኮፐንሃገንም! ማክሰኞ ለቃለ መጠይቁ መጀመሪያ አንተ ትገባለህ፣ ቀጥሎ እኔ። የሚቀጥሩት አንድ ሰው ብቻ ነው። በል አሁን ቀና ብለህ ተቀመጥ፣ ያንን ጥያቄ አበላሽተኸዋል። እንደገና፦ ከሁሉም አንተን ለምን እንምረጥ?"