እሳት የመረቀን ተማሪ

ከሰው አገር ለትምህርት የመጣ ልጅ የመጀመሪያውን ሳምንት ማንንም አያምንም። ጥላውን እንኳ ዞር እያለ ነው የሚያየው። ከየትም ይምጣ ያው ነው። ሃያ ስምንት ዓመት የሰፈር ምድጃ እያነደድኩ የየቤቱን ሊጥ ስጋግር ስንቱን አይቻለሁ! የከተማችን ስም ፌዝ ነው፤ እኔ ግን የማወራው የምሬን ነው።

ክቡር ተማሪ ቁተይባ ከዮርዳኖስ የደረሰው ሰኞ ለት ነው። ክቡር የምለው ለማዕረጉ ያህል ነው እንጂ ገና አልተመዘገበም። ሻንጣውን ለበቅሎ ጫኚው አልሰጥም ብሎ ዳገቱን እየጎተተ ወጣው። "ይዞብኝ ቢጠፋስ? በምን አምናለሁ?" ይላል። እዚህ ጠባብ መንደር ውስጥ በቅሎ ይዘው የሚጠፉበት ቦታ ቢኖር መቼ ነበር እኔው የጠፋሁት።

"በምን አምናለሁ?" ዘፈኑ ነች። መንገድ ሲጠፋው ሦስት ሰው ይጠይቅና በአራተኛው በኩል ይሄዳል። ፓስፖርቱን ካልሲው ውስጥ ነው የሚደብቀው። ማን ነገረህ አትበሉኝ፤ ሲያነክስ ያየ ሁሉ አውቋል።

ማክሰኞ ሊጥ ይዞ እኔ ጋ መጣ። እናቱ "ከማታውቀው ሰው እጅ እንዳትበላ" ብላ ስለላከችው ራሱ ነው ያቦካው። የኛ ሰፈር ሴቶች ዳቧቸው እንዳይለዋወጥ ሁሏም የራሷ ምልክት አላት፤ አንዷ በሹካ ትወጋዋለች፣ አንዷ በጣቷ ትጫነዋለች። ክቡርነታቸው በሻንጣቸው ቁልፍ አተሙት። አትሞስ መች ሄደ! በርጩማ ስቦ ምድጃው አፍ ላይ ተተከለ። ያንን ድንጋይ ማን ይሰርቀኛል ብሎ እንደፈራ እሱ ያውቃል።

እኔም ጠረጠርኩ። እሳቴ ላይ ምን እንዲህ ያስፈጥጠዋል?

ዳቦውን አውጥቼ ስሰጠው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

"አላህ አፊያ ይስጥዎት፣ አጎቴ!"

አፊያ በኛ አፍ፣ በአገራችን አረብኛ፣ እሳት ማለት ነው።

"ምን አልክ?"

"አፊያ ይስጥዎት!" ደግሞ እኮ ይስቃል።

ረቡዕ ሰፈሩን አዳረሰው። አትክልት ሻጩን አፊያ፣ ጸጉር ቆራጩን አፊያ። መጨረሻ ላይ ጫማ ሰፊው ቡሽታ ጋ ደረሰ። የቡሽታ ሱቅ አምና ክረምት ከነቆዳው ተቃጥሎ፣ ሰው ተረዳድቶ ነው ገና በቅርቡ ያቆመለት። ልጁ ጫማውን አደነቀና "አላህ አፊያ ይስጥዎት! ለሱቁም፣ ለቤተሰቡም!" አለው።

ቡሽታ መርፌውን ጥሎ ለልጁ ክፍል ወዳከራዩት መበለት፣ ወደ ላላ ዘሁር ሮጠ፤ ላላ በኛ አፍ እመቤት ነው።

"ላላ፣ እቤትዎ ያስገቡት ተማሪ አይደለም፣ ክብሪት ነው!"

ላላ ዘሁር የዋዛ ሴት አይደሉም። "እስከ ጁምዓ ከሰፈሩ አንድ ዋስ ያምጣ፤ ካላመጣ ሻንጣውን ይዞ ይውጣልኝ" አሉ። አድራሻ የሌለውን ደግሞ ዩኒቨርሲቲው አይመዘግብም።

ሐሙስ ያለ ሊጥ መጣ። ፊቱ ልክ እንደ ሰኞ ዳቦ ደርቋል።

"አጎቴ፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረብኝ። ዋስ የሚሆነኝ አጣሁ። ምን አጠፋሁ?"

"እሳት ስትመኝልን ሰንብተህ ምን አጠፋሁ ትላለህ?"

"እሳት? እኔ?"

"አፊያ ስትል አልነበር?"

"አፊያማ ጤና ነው! በኛ አገር ሲሠራ ያየነውን ሰው ሁሉ የምንመርቀው እንደሱ ነው!"

"በምን አምናለሁ?" አልኩት። አቤት ደስ ሲል! ከሰኞ ጀምሮ ስታምረኝ ነበር።

ልጁ ስልኩን አወጣና እናቱ ጋ ደወለ። "እማ፣ ዳቦ የሚጋግሩልኝ ሰውዬ እዚህ ናቸው፣ ሰላም በያቸው" ብሎ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው።

"ወንድሜ!" አለች ሴትየዋ። "ለልጄ የምትጋግርለት አንተ ነህ? አላህ አፊያ ይስጥህ! ለልጆችህ አፊያ! ለቤትህ አፊያ!" ከዛ ለቅሶዋን ለቀቀችው።

አይታኝ የማታውቅ ሴት እያለቀሰች ቤቴን ከነልጆቼ ስታነደው፣ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ?

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ልጁን ይዤ ላላ ዘሁር ደጅ ቆምኩ። ቡሽታም ክንዱን አጣጥፎ ቆሟል።

"ዋሱ እኔ ነኝ" አልኩ።

"በምን አመንከው?" አለኝ ቡሽታ።

"እናቱም ረግማኛለች።"

ነገሩን አስረዳኋቸው። ላላ ዘሁር ሻሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ቡሽታ ግን አልሳቀም። ክንዱን ፈታና፣

"ታዲያ ለሱቄ ጤና ነው የተመኘው?" አለ።

"ጤና።"

"ሙሉ ጤና?"

"ከነመርፌው።"

"እንደዛ ከሆነ ይድገምልኝ። ግን በኛ አፍ።"

"አላህ ጤና ይስጥዎት" አለ ቁተይባ፣ ቃሏን እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ ይዞ።

ክፍሉም ቀረለት፣ ተመዘገበም። አሁን ሊጡን ጥሎልኝ ወደ ትምህርቱ ይሮጣል፤ በቁልፍ ማተሙንም ትቶታል። በርጩማዋ ባዶዋን ስትውል፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ትንሽ ይደብረኛል።

በቀደም ለት ዝናብ መትቶት ያደረ እንጨት አልነድ ብሎ በጭስ ሲያስለቅሰኝ ልጁ አለፈ።

"አላህ ጤና ይስጥዎት፣ አጎቴ!"

"ና ወዲህ" አልኩት። "ጤናውን ለነቡሽታ። እኔን እንደ እናትህ መርቀኝ።"

በጎን አየኝ። "የምርዎን ነው? በምን አምናለሁ?"

"መርቅ ስልህ!"

ቡሽታ አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ አረጋገጠና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"አላህ አፊያ ይስጥዎት።"

"አሜን!" አልኩና እንጨቱን ቆሰቆስኩት።