ዋናው የባሕር ገጽ

የቤት ሥራ ብሎ ስም ያወጣለት ሰው ነገሩ ቀድሞ ገብቶት ነበር። የልጁ ሥራ ቢሆን ኖሮ የልጅ ሥራ ይባል ነበር። የቤት ሥራ ነው። ቤቱ ይሥራው ማለት ነው።

እኔ ብዙ አላወራም። የሚያውቁኝ፣ ይመር አንድ ቃል ከሚያወጣ የከባድ መኪና ጎማ ቢፈታ ይቀለዋል ይሉኛል። ፊደልም አልቆጠርኩም። ይህንን እየነገርኳት የምትጽፍልኝ ልጄ ዘሃራ ናት። ይኸው ለእሷም የቤት ሥራ ሆነባት።

ዘሃራ ሰመራ ውስጥ፣ የጅቡቲ መኪኖች በሚቆሙበት መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። እኔ በሩ ላይ ተቀምጬ መንገዱን አያለሁ። ልጇ ሀያት ሦስተኛ ክፍል ናት። ድሮ ልጅ ከትምህርት ቤት ደብተር ይዞ ይመጣ ነበር። አሁን ትእዛዝ ይዞ ይመጣል። ካርቶን፣ ኮላ፣ ፊኛ፣ ባለቀለም ወረቀት። ባለፈው ሳንባ ሠርታችሁ አምጡ ተባሉ። ዘሃራ ፊኛ ስትነፋ ውላ ሁለት ቀን አሳላት። ማርኩን ማን ወሰደ? ሀያት።

እዚህ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መልካ ወረር፣ ጥጥ እርሻው አጠገብ የሚኖር ዘመድ አለኝ። እኛ ዘንድ ፕሮጀክት ሁሉ ጥጥ ነው ይላል። በግ ሥሩ ሲባሉ ጥጥ። ደመና፣ ጥጥ። የሽማግሌ ጢም፣ ያው ጥጥ። አንድ ጊዜ በረዶ የለበሰ ተራራ አምጡ ቢባሉ፣ ልጆቹ ጥጡን በረዶ እንዲሆን ፍሪጅ ውስጥ አሳደሩት አለኝ። ያኔ አላመንኩትም። አሁን አምነዋለሁ። የእኔ ባሰ።

አዋሽ ያለችው ሌላዋ ልጄ ወለደች። ዘሃራ አራስ ልትጠይቅ ሄደች። ሻይ ቤቱን ለሠራተኛዋ፣ የቤት ሥራውን ለእኔ ትታ። በማግስቱ ሀያት አንዲት ስስ መጽሐፍና አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። መጽሐፏ ጨው አልሸከምም ስላለ ግመል ናት። ወረቀቱን አንብቢልኝ አልኳት። ሦስተኛ ክፍል እንዴት እንደሚያነብ ታውቃላችሁ። ፊደል በፊደል እየረገጠች ነው።

“የ... መ... ጽ... ሐ... ፉ... ን... ዋ... ና... ገ... ጸ... ባ... ሕ... ር...”

እዚህ ላይ ደጃፍ የቆመ አንድ ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን ለቀቀው። የቀረውን አልሰማሁም። “...ይዛችሁ ኑ” የሚለው ግን ደረሰኝ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሰሙ ነበር? “ዋና” አለች፣ “ና”ን ሳታጠብቅ፣ ሰው ውሃ ውስጥ እንደሚዋኘው ዋና። “ገጸ” አለች። “ባሕር” አለች። ከባሕር ገጽ ላይ፣ ሰው ከሚዋኝበት፣ ቀድታችሁ ኑ ነው። ፊደል መጥበቅና መላላትን አያሳይም ብለው የነገሩኝ ኋላ ነው። ይህን ሳያስተካክሉ እንዴት ሕዝብ ያስተምሩበታል?

ባይገባኝም አልጠይቅም። ልማዴ ነው። ወረቀቱ “ቤተሰብ መጽሐፉን አብሮ አንብቦ ይፈርም” ይላል፤ ይህን ግርጌውን ብቻ ሠራተኛዋ ናት ያነበበችልኝ። ከማርኩ ግማሹ ይኸው ነው፣ ሳይዝ የመጣ ዜሮ ነው ይላል። ዜሮ ለመባል ፊደል መቁጠር አያስፈልግም። ገባኝ።

ጅቡቲ የሚመላለሰው ደንበኛችን፣ ሾፌሩ ከማል፣ ሻዩን ጠጥቶ ሊወጣ ሲል ጠራሁት።

“ከማል። ጅቡቲ ስትደርስ የባሕር ገጽ ቅዳልኝ።”

“ገጹን ብቻ ነው አያ ይመር? ሆዱን ልተወው?”

“ከላይ ከላዩን። የሚዋኙበትን።”

“ለመድኃኒት ነው?”

“ለትምህርት።”

“ኢንሻአላህ አመጣለሁ። የባሕር ጀርባም ከፈለጉ ተመላሽ ነኝ” ብሎ እየሳቀ ወጣ። ጎረቤታችን መኮንን፣ ጋራዥ ያለው በያጁ፣ የእሱ ልጅም ከሀያት ጋር ነው የምትማረው። ሠርታችሁ ጨረሳችሁ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከጅቡቲ ይመጣል አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። ኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ቀን ነው የካርቶኑን ሥራ ትቶ ወደ ብረት የገባው።

እኛ ግን ሥራ የለንም። ከማልን እንጠብቃለን። ሀያት ስለ ፕሮጀክቱ ስትጠይቀኝ፣ ታዟል፣ በመንገድ ላይ ነው እላታለሁ። ስለዚህ በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ በር ላይ ተቀምጠን መጽሐፏን ታነብልኛለች። አብራችሁ አንብቡ ተብለን የለ? ስትጨርስ፣ “ከዚያስ?” እላታለሁ። “አለቀ እኮ አባባ።” “እንግዲያው ከመጀመሪያው።” በአምስተኛው ቀን ፊደል መርገጥ ትታ ትሮጥበት ጀመር።

እሑድ፣ ፕሮጀክቱ ሊቀርብ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከማል ከች አለ። አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሙሉ ውሃ ለሀያት ሰጣት።

“አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?”

“ባሕር ነው። ገጹ።”

ጠርሙሱን አገላብጣ አየችው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥታ አነበበችልኝ፣ በአዲሱ አነባበቧ፣ እየሮጠች። ዋና ገጸ ባሕርይ። የታሪኩ ባለቤት ማለት ነው አባባ። ግመሉን ሠርታችሁ ይዛችሁ ኑ ነው እኮ የተባልነው። ከማል ሳቁ አላስቀምጠው ብሎ የመኪናውን ጎማ ተደግፎ ሳቀ። እሷ አለቀሰች። ካርቶን ከሱቁ አልቋል። “ዜሮ ላገኝ ነው” ብላ ጠርሙሱን ከፍታ ፀሐይ ላይ በተሰጣው ትልቁ ትሪ ላይ ደፋችውና ገባች። እኔስ? ተቀመጥኩ።

የሰመራን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። መግሪብ ሳይደርስ ውሃው የለም። ትሪው ነጭ ለብሷል።

“ሀያት፣ ነይማ” አልኳት።

መጥታ በጣቷ ነካችው። ቀመሰችው። ቀና ብላ አየችኝ። አንድም ቃል አላወጣችም። በእኔ ወጥታለች።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ ሄድን። አስራ ምናምን የካርቶን ግመል ተደርድሯል። ሁሉም የኋላ ግራ እግራቸው ያነክሳል፤ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ ሰውዬ ነው የሠራቸው። መኮንን ከጭስ ማውጫ ቱቦ የበየደውን ግመል በባጃጅ አምጥቶ ከባጃጁ ሾፌር ጋር ለሁለት ተሸክመው አስገቡት። አንድ የአፋር አባት መጥተው ጠጋ ብለው አዩትና፣ “ይህ እንስሳ ምን ይባላል?” ብለው ጠየቁ። እሳቸው እውነተኛውን ግመል ላምጣ ብለው ነበር። አይቻልም፣ በእጅ የተሠራ መሆን አለበት ተባሉ።

መምህርቷ ተነሳች። ግመሉ ለምን ነበር ጨው አልሸከምም ያለው ብላ ጠየቀች። ልጆቹ ወላጆቻቸውን አዩ። ወላጆቻቸው ጣሪያውን አዩ። መኮንን ስለ ብየዳው ሊያስረዳ ሞከረ።

ሀያት ትሪዋን ይዛ ወጣች።

“ግመሉ ዋናው ገጸ ባሕርይ አይደለም፣ ቲቸር። ግመሉ መጽሐፉ መሐል ላይ ጠፍቶ ሌላ ግመል ይመጣል። ነጋዴውም ይቀየራል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለው ጨው ነው። ሁሉም የሚሄደው በጨው ምክንያት ነው። እኔ ጨው ሠራሁ። ከባሕር።”

መምህርቷ መጽሐፉን አንስታ ገለጥ ገለጥ አደረገች። እሷም እስከ መጨረሻው ያነበበችው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ሙሉ ማርክ ሰጠቻት። ማን ረዳሽ ስትላት፣ አያቴ አሰበበት አለች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወረቀቱ ላይ በአውራ ጣቴ ፈርሜ ወጣሁ።

ያልገባህን ጠይቅ ይሉኛል። ብጠይቅ ኖሮ እኛም የሚያነክስ ግመል ነበር የምንገዛው።

ከማል ከዚያ ወዲህ ተቀይሞኛል። ሊወጣ ሲል የክፍሉ ወላጆች በሙሉ ጀሪካን ይዘው ይሰለፉበታል። እዚሁ አፋር፣ አፍዴራ ላይ ጨው እንደ አሸዋ ተከምሮ ሳለ፣ ባሕር ቅዳልን ይሉታል። “አያ ይመር፣ ነዳጅ የምጭነውን ሰውዬ ውሃ ጫኝ አደረጉኝ” ይለኛል። እኔ ሀገራችን ባሕር የላትም ሲሉ እሰማለሁ። እኛ ሰፈር ግን በየደጃፉ በጀሪካን ተቀምጧል።

ትናንት ሀያት ሌላ ወረቀት ይዛ መጣች። አነበበችልኝ። ከመካከሉ አንዲት ቃል አልገባችኝም።

ከማልን ጠራሁት።