ማሞቂያውን ማን ይለኩሰው?

[የካ፣ በ1960 ዓ.ም. ገደማ። በወይዘሮ የሺመቤት ቪላ ጓሮ የባኞ ቤቱ የጋዝ ውሃ ማሞቂያ ክዳኑ ተነሥቷል። የቤቱ አሽከር ገረሱ እጅጌውን ሰብስቦ ቆሟል፤ ዘበኛው ዲንሳ ካፖርቱን እንደደረበ ሲሊንደሩ አጠገብ ተቀምጧል። ነገ የእንጦጦ ማርያም ንግሥ ነው። እመቤቲቱ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ይዘው እንደሚወጡ ተናግረዋል። ገረሱ ሊያገባት ያሰባት የወርቅአየሁ አባት ደግሞ እዚያው ሊያዩት ቀጥረውታል። ማሞቂያውን ከጠገነ፣ እመቤቲቱ እሱን ትተው ይህን ደንቆሮ ይዘው እንደማይሄዱ አልተጠራጠረም።]

ገረሱ፦ መክፈቻውን ዝጋ አልኩህ እኮ።

ዲንሳ፦ መክፈቻ ከሆነ እንዴት ይዘጋል?

ገረሱ፦ የጋዙን ነው የምልህ። ሲሊንደሩ አናት ላይ ያለውን።

ዲንሳ፦ እሱማ መዝጊያ ነው በለኛ።

ገረሱ፦ ሲከፍቱት መክፈቻ፣ ሲዘጉት መዝጊያ። ይኼ ለሰው ይነገራል?

ዲንሳ፦ [እያዞረ] ታዲያ አሁን መሐል ላይ ስደርስ ምን ልበለው?

ገረሱ፦ አንተን ዘበኛ አድርጎ የቀጠረህ ሰው ሌባ መሆን አለበት።

[ጋዙ ተዘጋ። ገረሱ ማንደጃውን ፈትቶ ወደ ብርሃን ያነሣዋል።]

ገረሱ፦ አየህ፣ አፍንጫው ተደፍኗል።

ዲንሳ፦ [አፍንጫውን ዳሰስ አድርጎ] ብርዱ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ መች ያስተኛል።

ገረሱ፦ ያንተን ማን ጠየቀህ? የማንደጃውን ነው። ጋዙ የሚወጣበትን ቀዳዳ።

ዲንሳ፦ እሱንም ጉንፋን ይይዘዋል?

ገረሱ፦ ጥላሸት ነው። ጥላሸት ታውቃለህ ወይስ እሱንም ከሀ ልጀምርልህ?

[ቀዳዳዎቹን በመርፌ ይወጋል፤ ከዚያ በጥርስ ብሩሽ ይፍቃል።]

ዲንሳ፦ ያ ብሩሽ የእትዬ አይደለም?

ገረሱ፦ አሮጌው ነው። [አገላብጦ ያየውና ኪሱ ይከተዋል።] አሮጌው ይሆናል።

ዲንሳ፦ ቱቦው ውስጥ ያለው ነጭ ነገርስ?

ገረሱ፦ [አጎንብሶ] የሸረሪት ድር ነው። ላወጣው ስል ቀደምከኝ።

ዲንሳ፦ ሸረሪት ጋዝ ይጠጣል?

ገረሱ፦ አየር የሚገባበትን ዘግቶት ነው እንጂ። እንዲህ ያለ ራስ ተሸክመህ አንገትህ አለመድከሙ ይገርመኛል።

[ድሩን በሽቦ ጎትቶ ያወጣና መለኮሻውን በጨርቅ ይወለውላል።]

ገረሱ፦ ይኼ መለኮሻው ነው። ቁልፉን ስጫነው ብልጭ ይላል፤ ጋዙ በብልጭታው ይያያዛል። ጫፉ ቆሽሾ ነው እምቢ ያለው።

ዲንሳ፦ ክብሪት ብንጭርለትስ?

ገረሱ፦ ክብሪት ላንተ ቢጤ ነው። በል ጋዙን ክፈት።

[ማንደጃውን ገጥሞ ቁልፉን ይጫናል። ብልጭ አለ፤ ሰማያዊው ነበልባል እኩል ተዘረጋ። ገረሱ ላቡን ጠርጎ ደረቱን ነፋ።]

ገረሱ፦ ግባና ለእትዬ ንገር። ገረሱ ብቻውን ጠገነው በል። ደግሞም ከገረሱ በቀር ማንም ሊያበራው አይችልም በል።

ዲንሳ፦ ከገረሱ በቀር ማንም?

ገረሱ፦ ማንም። ይቺን እንኳ ሳትረሳ ድረስ።

[ዲንሳ ይገባል። ገረሱ በወርቅአየሁ አባት ፊት የሚያደርገውን እጅ መንሣት ለብቻው ይለማመዳል። ቀና ሲል ዲንሳ ተመልሶ ቆሟል።]

ገረሱ፦ ምን አሉ?

ዲንሳ፦ ደስ አላቸው። መረቁህ።

ገረሱ፦ ነገስ ማን ይሂድ አሉ?

ዲንሳ፦ ነገ ከጅሩ የሚመጡት እንግዶች ሲታጠቡ ይውላሉ አሉ። ከገረሱ ሌላ የሚያበራው ከሌለ፣ ገረሱ ይቅር። እኔ አብሬያቸው እወጣለሁ። ለወርቅአየሁ አባት የምነግርልህ አለ?

ገረሱ፦ [ድምፁ ለስልሶ] ዲንሳ፣ ወንድሜ፣ ና ላሳይህ። ቀላል ነው። ይኼን ትጫንና...

ዲንሳ፦ መጀመሪያ የግራውን ታዞራለህ። ጋዙ ትንሽ ሲመጣ ነው የምትጫነው። ሲሸትህ ደግሞ ዘግተህ በሩን ከፈት ታደርጋለህ።

ገረሱ፦ [ሊገጥመው ያነሣውን ክዳን መልሶ አስቀምጦ] ታውቀዋለህ?

ዲንሳ፦ ድሩም ክረምት በወጣ ቁጥር አይቀርም።

ገረሱ፦ እያወቅህ ለምን ስትጃጃልብኝ ዋልክ?

ዲንሳ፦ በፊት የነበርኩበት ቤት አንድ ቀን ብልህ ሆኜ ጠገንኩላቸው። ከዚያ ወዲያ ገናም ፋሲካም የዋልኩት ባኞ ቤት ደጃፍ ነው።