በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል

በዚህ አገር ስብሰባ የሚባል ነገር ከተጀመረ ወዲህ፣ «የሚቃወም?» ተብሎ ሲጠየቅ እጁን የሚያነሳ አንድ ሰው ያልተቀመጠበት አዳራሽ የለም። ስሙ ይለያያል፣ ኮቱ ይለያያል፤ መቀመጫው ግን አንድ ነው፤ ከኋላ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ። የሁሉም ልብ ቤቱ ደርሶ፣ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ ሰብሳቢው «እንግዲህ በሙሉ ድምፅ…» ሲል ያቺ እጅ ብድግ ትላለች። መብራት እንኳ እንደዚያ ሰዓት አክብሮ አይጠፋም።

በአየር ጤናና በዘነበወርቅ መሀል ባለው በዚህ ሰፈር ይህን የክብር ወንበር የያዙት ክቡር ጋሽ በየነ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም። ከክር ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው የልጅ ልጃቸውን ሳያትን ትምህርት ቤት ሲያመላልሱ፣ አንድ ቀን የወላጅ ስብሰባ ላይ ገቡና በዚያው ቀሩ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሰዓዳ ያንን ቀን ስታስበው እስከ ዛሬ ራሷን ያማታል።

ሰዓዳ አየር ጤና ላይ የቀለምና የቧንቧ ዕቃ ሱቅ አላት። ደንበኛ ዋጋ ሲጨቃጨቅ እንኳ በሦስት ቃል የምትገላገል ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሰው ላይ ጋሽ በየነን የመሰለ ፈተና ሲታዘዝ፣ አላህ ትዕግስቷን ሊለካ ፈልጎ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት አልታያትም።

ትምህርት ቤቱን ያቆመው ሰፈሩ ነው፤ አንዱ ብሎኬት፣ አንዱ ቆርቆሮ፣ የሌለው ጉልበቱን አዋጥቶ። ስለዚህ ሰፈርተኛው ግቢውን እንደ ገዛ ሳሎኑ ያየዋል። ፈቃድ የሚሰጠውና ተቆጣጣሪ የሚልከው ወረዳ ደግሞ እንደ ገዛ ቢሮው። ሰዓዳ በሁለቱ መሀል ቆማ ለወላጁ «ወረዳው ነው ያለው»፣ ለወረዳው «ወላጁ ነው የወሰነው» እያለች ትኖራለች። ይኼም በደህና ይሄድላት ነበር፤ ግን ወረዳው በሙሉ ድምፅ ያልጸደቀ ውሳኔ ሲደርሰው ቅር ይለዋል። ይደውላል። «ማነው የተቃወመው? ምን ችግር ቢፈጠር ነው?» ይላል። ችግሩ ጋሽ በየነ መሆናቸውን ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ምን ያልተቃወሙት አለ! የደንብ ልብስ ሰማያዊ ይሁን ሲባል ተቃወሙ። በዓመቱ ወደ አረንጓዴ ይቀየር ሲባል «ሰማያዊው ምን አጠፋ?» ብለው ተቃወሙ። ለሴቶች ልጆች ሽንት ቤት ይሠራ ሲባል እንኳ የመረብ ኳስ ሜዳውን ይቆርሳል ብለው ተቃወሙ፤ በዚህኛው ሰዓዳ ይቅር አላለቻቸውም፣ ልክም ናት። ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ያለው ሽታ ሲበረታ መስኮት ይዘጋ ሲባል ልጆቹ ይታፈናሉ ብለው ተቃወሙ፤ ይከፈት ሲባል ደግሞ ሽታውን አነሱ። በእያንዳንዱ ተቃውሞ መጨረሻ የሚሏት አንዲት ቃል አለች። «ይያዝልኝ።» የኮሚቴው ጸሐፊ ጌድዮን በቃለ ጉባኤው ላይ «በአንድ ተቃውሞ ጸድቋል» ብሎ ይይዝላቸዋል። በኋላ በኋላ ጊዜ ለመቆጠብ ስብሰባው ሳይጀመር ቀድሞ ይጽፈው ጀመር።

ወረዳው ወላጆች ቅዳሜ ቅዳሜ በፈቃደኝነት ቦይ እንዲጠርጉ መመሪያ የላከ ጊዜማ ጉድ ነው የፈላው።

«ፈቃደኝነት ከሆነ እኔ ፈቃደኛ አይደለሁም» አሉ ጋሽ በየነ። «ግዴታ ከሆነ ደግሞ ስሙን ቀይሩትና ልምጣ።»

ስሙ አልተቀየረም፣ እሳቸውም አልመጡም። ማክሰኞ ዕለት ግን ብቻቸውን አካፋ ይዘው ቦዩን ሲጠርጉ ታዩ። ሰዓዳ ራሷ ከታክሲ መስኮት አየቻቸው።

ነገሩ የቆየ አመል ነው። ፋብሪካ ሳሉ ሠራተኛው በሙሉ ፈቃደኝነት የወር ደመወዙን ለመስጠት ወስኗል ተብሎ ሲታወጅ፣ አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ፣ እጃቸውን ያነሱ እሳቸው ብቻ ነበሩ። በሳምንቱ ከማሽን ላይ ተነስተው ብርዱ ወደሚያንቀጠቅጥ መጋዘን ተዛወሩ። ደመወዙም ተቆረጠ። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋረጋ ያኔ የጀመሩትን ምክር እስከ ዛሬ አላቆሙም። ጋሽ በየነ ለስብሰባ ኮታቸውን ሲለብሱ፣ «እስቲ እጅህን እቤት ትተሃት ብትሄድ ምናለ?» ይሏቸዋል።

የኋላው በር ጉዳይ በዚህ መሀል መጣ። በሩ ወደ አንዲት ጠባብ ቅያስ ያስወጣል። ቅያሷ ውስጥ የፕሌይስቴሽን ቤት ተከፈተ፤ ከፍ ከፍ ያሉት ተማሪዎች በእረፍት ሰዓት በዚያ እየሾለኩ መጥፋት ጀመሩ። በሩ በብየዳ ይዘጋ፣ የፊቱም ከደውል እስከ ደውል በቁልፍ ይቆለፍ የሚል ሐሳብ ከወላጆች ቀረበ። የወረዳው መመሪያ ደግሞ ሁለት መውጫ ክፍት ይሁን ይላል።

«በገዛ ልጆቻችን ወረዳው ምን አገባው?» አለ አብራር፣ ጋራዥ ያለው ወላጅ። «እኔ ራሴ በነፃ እበይደዋለሁ።»

ሰዓዳ ስሌቱን ወዲያው ሠራችው። ጋሽ በየነ ይቃወማሉ፣ ጌድዮን ይጽፋል፣ ወረዳው ይደውላል፣ በሩ ክፍት ይቀራል፣ ልጆቹም ይጠፋሉ። ከሚጠፉት አንዷ ደግሞ የገዛ ልጇ ሀይፋ ነበረች። ስለዚህ ሁልጊዜ እሑድ ከሰዓት የሚጠራውን ስብሰባ እሑድ ጥዋት አደረገችው። ጋሽ በየነ እሑድ ጥዋት የት እንዳሉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ በቤተ ክርስቲያናቸው የአስተናጋጅ ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ዘግይቶ የመጣውን ምእመን እየገላመጡ ቦታ ያስይዛሉ።

ስብሰባው እንደ ቅቤ ቀልጦ አለቀ። የሚቃወም? የለም። ድምፀ ተአቅቦ? የለም። ጌድዮን «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ብሎ ሲጽፍ እጁ አልታዘዝ ብሎት አንዴ ሰረዘ። ወረዳው ደውሎ ሰዓዳን አመሰገናት። ስለ በሩ ያነሳ አልነበረም፤ ከመጨረሻው መስመር በላይ ያለውን ማንም አላነበበውም መሰል።

ጋሽ በየነ ሰኞ ሱቋ ድረስ መጡ።

«እኔ በሌለሁበት ነው የወሰናችሁት።»

«ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቶ ነበር ጋሽ በየነ።»

«ልጆቹ አንድ ነገር ቢያስደነግጣቸው በየት ይወጣሉ?»

«ስብሰባው እኮ አልቋል።»

«ቢያልቅም ይያዝልኝ» አሉ። ሰዓዳ ለደንበኛ ቧንቧ እየመረጠች «እሺ» አለቻቸው፤ ምንም አልያዘችም።

ክረምት ሊገባ ሲል አንድ ከሰዓት፣ ከአጥሩ ውጭ ምሰሶ ላይ ያለው ትራንስፎርመር ፈነዳ። ድምፅና ብልጭታ ብቻ ነበር፣ እሳት እንኳ አልተነሳም። ልጆች ግን ይህን መርምረው አይሮጡም። ትልልቆቹ እግራቸው ወደለመደው ወደ ኋላው በር ሮጡ፣ ትንንሾቹ ተከተሏቸው፣ በሩ አልከፈት አለ። ከኋላ ያለው ይገፋል፣ ከፊት ያለው ይጮኻል። ዘበኛው ደሜ የፊቱን በር በታዘዘው መሠረት ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ነበር። ጩኸቱን ሲሰማ ዲጂኖ አንስቶ ወደ ኋላ በረረና ብየዳውን ፈነቀለው። ከሥር የወደቁትን አንድ በአንድ አወጣ። ሀይፋ ከሁሉም ሥር ነበረች።

ብዙዎቹ ልጆች ተላልጠው፣ አንዳንዶቹ ክንዳቸው ተሰብሮ ተረፉ። የሀይፋ ስብራት ጭኗ ላይ ነበር። ሐኪሙ «ትራመዳለች» አለ፤ ሰዓዳ የቀረውን ከፊቱ አነበበችው። ልጇ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አትሮጥም።

ወረዳው ትምህርት ቤቱን አሸገ። ለመክፈት የጠየቀው ተጠያቂው አካል ተለይቶ፣ እርምጃ ተወስዶበት፣ በሙሉ ድምፅ የጸደቀ ውሳኔ እንዲቀርብለት ነው። በሩን ያስዘጋው ማነው ቢባል ሁሉም ነው፤ ሁሉም ደግሞ ሊባረር አይችልም። አንድ ሰው ያስፈልግ ነበር። በዚህ አገር አንድ ሰው ሲፈለግ መጀመሪያ የሚታየው ዘበኛ ነው።

«የፊቱን በር ቆልፎ ቁልፉን ይዞ የጠፋው እሱ አይደለም?» አለ አብራር፣ በሩን የበየደው ራሱ። ሌላውም «እውነት ነው» አለ። ደሜ በግቢው ጥግ ባለች አንዲት ክፍል ከሚስቱ ጋር ነው የሚኖረው። ከተባረረ እንጀራውንም ቤቱንም የሚያጣው በአንድ ቀን ነው።

ሰዓዳ እውነቱን ታውቃለች። ግን ዘበኛውን ልታድን አፏን ብትከፍት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስብሰባውን ጥዋት ማን አደረገው?» ነው። ሌሊቱን ከልጇ አልጋ አጠገብ ስትገላበጥ አድራ አንድ መጽናኛ አገኘች። ጋሽ በየነ አሉላት። እሳቸው እንደሆነ ይቃወማሉ፤ ሠራተኛ ሳይሰማ እንደማይባረር አንቀጹን ጠርተው ያስረዳሉ። እሷም «ተቃውሞ ስላለ ጉዳዩ እንደገና ይታይ» ብላ ትበትነዋለች። በስብሰባው ቀን አዳራሹ በር ላይ ዓይኗን ተክላ ጠበቀቻቸው። መጡ። ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው ተቀመጡ። ሰዓዳ ስብሰባውን ከፈተች።

«ዘበኛው ከሥራ ይሰናበት የሚለውን የሚደግፍ?»

አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ። ደሜ ቆቡን አውልቆ በሩ ላይ ቆሟል።

«የሚቃወም?» አለች ሰዓዳ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

አዳራሹ በሙሉ ዞሮ ጋሽ በየነን አያቸው። ጋሽ በየነ ጫማቸውን ያያሉ።

«የሚቃወም?» አለች ድጋሚ። ጌድዮን ቀና ብሎ አያት፤ ይህ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተጠይቆ አያውቅም። የጋሽ በየነ ቀኝ እጅ ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠች ነበረች። አልተንቀሳቀሰችም።

«ድምፀ ተአቅቦ?» አለች፤ አሁን ድምፅዋ አይሰማም። ማንም የለም።

«በሙሉ ድምፅ…» ብላ ቆመች፤ «ጸድቋል» የሚለውን ጌድዮን ጨረሰላት። አንድ ሰው ከልማድ አጨበጨበ። ደሜ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ምን ስለሰጡት እንደሚያመሰግን ለሰዓዳ አልገባትም፤ ያ ምስጋና ግን ሐኪም ቤት ከሰማችው የልጇ ጩኸት እኩል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ደሜና ሚስቱ አልጋቸውን ጋሪ ላይ ጭነው ሄዱ። ትምህርት ቤቱም ተከፈተ።

በሦስተኛው ቀን ጥዋት ሰዓዳ የጋሽ በየነን በር አንኳኳች። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም።

«ለምን ዝም አሉ?»

«ግቢ እስቲ፣ ቁጭ በይ።»

«አልቀመጥም። ለሽንት ቤት አንስተዋል። ለደንብ ልብስ ቀለም አንስተዋል። ለደሜ ሲሆን እጅዎን ምን ነካት?»

ጋሽ በየነ ወደ ውስጥ አስገብተው ወንበር ሳቡላት።

«ልጅሽ እግሯ ተሰቅሎ ተኝታለች» አሉ። «አንቺ ዓይንሽ አብጦ ከፊት ቆመሻል። ሁለት ጊዜ ስትጠይቂ እኔን የምትለምኚኝ መሰለኝ፤ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ የምትዪኝ። በዚህች እናት ላይ እጄን ባነሳ ሰው ነኝ ወይ አልኩ። የፈለገችው ደሜ እንዲሄድላት ከሆነ፣ አንድ ቀን ፈቃዷ ይሙላ ብዬ ነው።»

እትዬ ሸዋረጋ ከጓዳ ብቅ አሉ። «አርባ ዓመት ዝም በል ስለው ሰምቶኝ አያውቅም» አሉ። «ያን ቀን ጥዋት ‹ዛሬስ የሰው ሐዘን አክብር› አልኩት። ሰማኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!»

ሰዓዳ አልቀመጥም ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ እርስዎን ነበር የምጠብቀው» አለችና እንባዋ መጣ። ያቺን እጅ ስትራገም ነው የኖረችው፤ በሆዷ ግን ሁሉ ነገር የተሳሳተ ቀን እሳቸው አሉ ብላ ትተማመን እንደነበር አሁን ነው የገባት። ሽማግሌው አሳዘኗት፣ ደሜ አሳዘናት፣ በራሷም አፈረች። ወደደቻቸውም፤ ምን ታድርግ።

«ወረዳ እየሄድኩ ነው» አለች ፊቷን ጠርጋ። «በሩን ያስዘጋሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ስብሰባውን ጥዋት ያደረግኩትም እርስዎ እንዳይመጡ ብዬ ነው።»

«አውቄዋለሁ» አሉ ጋሽ በየነ። «ትምህርት ቤቱ ተመልሶ ሊታሸግ ይችላል።»

«ይታሸግ።»

«ደሜም ላይመለስ ይችላል። የሄደበትን የሚያውቅ የለም፤ ትናንት እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ድረስ ስጠይቅ ነው የዋልኩት።»

ሰዓዳ ሻርፗን አስተካክላ ተነሳች።

«መናገርሽን አልቃወምም» አሉ ጋሽ በየነ። እትዬ ሸዋረጋ ከጓዳ በር ላይ ባላቸውን ትክ ብለው አዩዋቸው። «ብቻሽን መሄድሽን ግን እቃወማለሁ።»

ተነስተው ኮታቸውን ፈለጉ። እትዬ ሸዋረጋ የለመዱትን ምክር ትተው ከምስማሩ ላይ አውርደው ያዙላቸው። አንደኛው እጅጌ አልገባ ብሎ ሲታገሉ፣ ሰዓዳ ጠጋ ብላ እጃቸውን ያዘችና አስገባችላቸው።