ነገር ሰንጣቂው ሎደር ሊገዙ ሲወጡ

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር ታቦት የሌለው ቀበሌ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ሰንጣቂ የሌለው ቀበሌ ግን አይገኝም። እንጨት ሰንጣቂ ግንዱን ለሁለት እንደሚከፍለው፣ ነገር ሰንጣቂም የሰውን ቃል ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ያያል። በሬ የሚገዛ፣ መሬት የሚከራይ፣ ልጅ የሚድር ሁሉ እሱን ሳያስከትል ከቤቱ አይወጣም። አስከትሎ የወጣም ገና ገበያው ሳይደርስ ይጸጸታል።

ሎደር ልትገዛ በተነሣችው በሲሳይነሽ ሰፈር ነገር ሰንጣቂው ክቡር አያ ይታገሱ ናቸው። ስማቸው ራሱ ለሻጭ ፈተና ነው። “ይታገሱ፣ አያ ይታገሱ” ሲባል የሰማ መንገደኛ፣ ሻጩ ስማቸውን ሁለት ጊዜ ጠርቶ ይሁን ለምኗቸው አይለይም። ብዙውን ጊዜ ለምኗቸው ነው።

በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ቆይተዋል። ለምን እንደወጡ ሁለት ወሬ አለ። እሳቸው ዓይኔን አሞኝ ነው ይላሉ። አብረዋቸው የተማሩት ግን፣ ቁራሽ ሲለምኑ በየደጁ “ይቺ አነሰች” እያሉ ስለተከራከሩ ያገሩ ሰው ለየኔታ አቤት ብሎባቸው ነው ይላሉ። ቅኔው ባይዘልቅም ጆሮው ቀረላቸው። የሻጭ አፍ ገና ሲከፈት ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን እንደ ዶሮ ዘመም አድርገው፣ “ሰሙን ተወው፤ ወርቁን አምጣው” ይላሉ።

ሽንዲ ገበያ ላይ አንድ ሰው “ይቺ አህያ ሰው ጥላ አታውቅም” ቢላቸው፣ “ሰውስ አልጣለችም፤ ጭነቱንስ?” አሉት። ሰውየው መሬት መሬት ማየት ጀመረ። መራዊ ላይ አንድ ነጋዴ “ይህን በቆሎ ነቀዝ አይደፍረውም” ሲል፣ “ምን ተርፎት ይደፍረዋል” ብለው ጆንያውን ቢዘረግፉት ዱቄት ብቻ ወጣ። ለሽምግልና በተቀመጡበት ቤት የሙሽራው ወገኖች “ልጃችን መጠጥ አያውቅም” አሉ። “አያውቅም ማለት ልኩን አያውቅም ማለት ነው” አሉና ጋብቻው እዚያው ፈረሰ። ያ ልጅ ዛሬ በየገበያው ቀን ከቦይ ውስጥ ይለቀማል። ቤታቸውም ቢሆን ሰላም የለውም። ባለቤታቸው “ወጥ አልቋል” ያሉ ቀን ወርቁን ሲፈልጉ ቆይተው ቆይተው ደረቁን በሉ። ወጥ አልቆ ነበር።

ሰው ግን የሚስቅባቸው እስከ አንድ ወሰን ድረስ ነው። አምና በጥቅምት አንድ ጎረቤት የጤፍ ማሳውን እያሳየ፣ “ዘንድሮስ ይዟል፤ ትበሉታላችሁ” አላቸው። አያ ይታገሱ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። “እንበላዋለን አላለም” አሉና ለብቻቸው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በኅዳር ጎረቤቱን ቀበሩት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በተቀመጡበት ሰው ሲናገር ምላሱን እየጎተተ ነው።

ሲሳይነሽ ይህን ሁሉ እያወቀች እሳቸውን ለምና ይዛቸው የወጣችው በልጇ ምክንያት ነው። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ባሏ የውኃ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈሩ ተናደበት። ያን ጊዜ ልጃቸው አለበል ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዛሬ ሃያ ሦስት ሆኖት እሱም ጉድጓድ ይቆፍራል። ጠዋት ገመዱን በትከሻው ጥሎ ሲወጣ፣ ሲመሽ ገመዱ ብቻውን የሚመለስ ይመስላታል። ባሕር ዛፏን አስቆረጠች፤ ዕቁቧን ቀድማ አወጣች፤ ያገለገለ ባክሆ ሎደር ልትገዛለት ቆረጠች። ከፊቱ አፈር የሚዝቅ ሰፊ አካፋ፣ ከኋላው የሚቆፍር ረጅም ክንድ ያለው ቢጫ መኪና ነው። አለበል በመንገድ ሥራ ላይ ሁለት ዓመት ነድቶታል፤ መንጃ ፈቃድም አለው። የእሷ ሐሳብ አጭር ነበር። ወደ ጉድጓዱ ብረቱ ይውረድ፣ ልጄ ከላይ ይቀመጥ።

ባላት አቅም አዲስ አይታሰብም፤ አሮጌውም ቢሆን አያ ይታገሱን ማለፍ አለበት። ቡሬ ከተማ የመጀመሪያው ደላላ “ሞተሩ ገና አልተነካም” ሲል፣ “እንግዲያ ዘይቱም አልተቀየረም” አሉ። ሁለተኛው “በአንድ እጅ የተያዘ ነው” ቢል፣ “ሌላውን እጁን ምን ቆረጠው?” ብለው ጠየቁ። ደላላው ሳቀ፤ ከዚያ የእሳቸውን ፊት አየና ሳቁን ተወው።

ሦስተኛው መኪና ከቡሬ ወጣ ብሎ፣ በሽንዲ መንገድ፣ አቶ ገብረ ሕይወት የሚባሉ ሰው ግቢ ውስጥ ነበር። ረፋድ ሆኗል፤ ጉሙ ግን ከመሬት አልተነሣም። ሰፊ ግቢ ነው። ሣሩን በጎች ግጠው እንደ ምንጣፍ አድርገውታል፤ በመኪናው ዙሪያ ብቻ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሣር በክብ ቆሟል። በጎቹ ክቡ ድረስ ይመጡና አንገታቸውን መልሰው ይሄዳሉ። ሲሳይነሽ ቆማ ብዙ አየቻቸው። አንዱም አልገባም።

መኪናው ታጥቦ ያበራል። የኋላ ክንዱ ታጥፎ ጥርሶቹ መሬቱን ይዘዋል፤ ተንበርክኮ በአንድ እጁ የተደገፈ ሰው ይመስላል። በክንዱ ላይ ከነጭ ጨርቅ የተቀደዱ ቁራጮች ታስረዋል። ቆጠረቻቸው፤ ሰባት ናቸው። ነፋስ አልነበረም፤ አንዱ ቁራጭ ግን ይወዛወዝ ነበር።

አያ ይታገሱ ጋቢያቸውን ለእሷ ሰጥተው ከሥር ገቡ። ብረቱን በጣታቸው እያንኳኩ አዳመጡ። ዘይቱን አሸተቱ። የክንዱን መገጣጠሚያ ነቀነቁ። አብሯቸው የመጣው አለበል ወጥቶ ቁልፉን ቢያዞረው በአንድ ጊዜ ተነሣ፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንደ ጎልማሳ ሰው ጉርምርምታ። ከማዶው ቤት አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ አማተበችና በሩን ዘጋች።

አያ ይታገሱ ከሥር ሲወጡ እጃቸው ባዶ ነበር። አንዲት እንከን አላገኙም። ወደ ሲሳይነሽ ጠጋ ብለው፣ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው በሹክሹክታ፣ “እቴ፣ በሽታ የለበትም” አሏት። “በሽታ የሌለበት ሰው ታዲያ ምን አስተኛው?”

አቶ ገብረ ሕይወት ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዋጋቸውን ተናገሩ። አያ ይታገሱ እንደ ልማዳቸው ግማሹን ጠሩ፤ ከዚያም ለክርክሩ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

“እሺ” አሉ አቶ ገብረ ሕይወት።

አያ ይታገሱ ዕድሜ ልካቸውን የተዘጋ በር ሲገፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህ በር ክፍት ሆነና በግንባራቸው ሊደፉ ምንም አልቀራቸው። ቀና አሉና ከግማሹም ሩቡን ቀነሱ።

“እሺ” አሉ ሰውየው፤ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

የሲሳይነሽ ልብ በመጀመሪያው እሺ ዘለለ፤ በሁለተኛው ቀዘቀዘ። አያ ይታገሱ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ አወጣ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሻጭን መለማመጥ ጀመሩ፤ ኧረ ጌታው ትንሽ ይከራከሩኝ፣ እንዲህማ አይሆንም፣ ልጅዎን ያስቡ አሉ። አቶ ገብረ ሕይወት መኪናውን ሳይሆን ጨርቆቹን እያዩ መለሱ።

“ይህ መኪና ብዙ ሰው አሳርፏል። እኔን ግን አላሳረፈኝም።”

አያ ይታገሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንገታቸው ዘመም አለ። ወርቁን አምጣው ግን አላሉም። ሲሳይነሽን በነጠላዋ ጫፍ ይዘው እስከ አጥሩ ጎተቷት። “ሰሙ ከድካም አሳረፈ ነው” አሏት። “ወርቁ ገደለ ነው። ይህ ብረት ሰው በልቷል። ልጅሽን እዚህ ላይ አታስቀምጪው።”

የእሳቸውን ጆሮ ታውቀዋለች፤ የኅዳሩን ቀብር ቆማ አይታለች። ዘወር ብላ ስታይ አለበል ከወንበሩ አልወረደም፤ መሪውን ይዞ የፊቱን አካፋ ቀስ አድርጎ ያነሣል፣ ቀስ አድርጎ ያወርዳል። አቶ ገብረ ሕይወት ከሣሩ ክብ ውጭ ቆመዋል። አንድ እጃቸው ሌላውን አጥብቆ ይዞታል። ሰው የገደለ መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን አይመስልም ብላ አሰበች፤ ወይም እንደዚያ ማሰብ ፈለገች። ሄደችና አያ ይታገሱ ባሉበት ገበያ ማንም አድርጎት የማያውቀውን አደረገች። ሰም ሳትል፣ ወርቅ ሳትል፣ በቀጥታ ጠየቀች።

“ማንን ነው ያሳረፈው?”

አቶ ገብረ ሕይወት ነገሩን ከመጀመሪያው ነገሯት። ከሦስት ክረምት በፊት በቆላው በኩል ኮረብታ ተንዶ አንድ መንደር ላይ ተኛ። በአካባቢው የተገኘ መኪና ይህ ብቻ ስለነበር ራሳቸው ነድተው ወረዱ። ከማለዳ እስከ ጀንበር ግባት ሰባት ሰው አወጡ፤ በሕይወት የወጣ የለም። የመንደሩ ሰው አቅም አልቆ ነበርና መቃብሩንም በዚሁ ክንድ ቆፈሩት። ጨርቁ ለመግነዝ ከመጣው የተረፈ ነው። ከዚያ በኋላ የቤት መሠረትም ሆነ ቦይ ሊያስቆፍር የሚጠራቸው ጠፋ። ደጃፌ ቢደርስ መቃብር ይከተለዋል ይላል ሰው። ድምፁን ከሩቅ ይለዩታል። እሳቸውም ከወንበሩ ወርደው ቀሩ፤ ክንዱ አፈር ውስጥ በገባ ቁጥር ለስላሳ ነገር የነካ ይመስላቸዋል።

“ብረት አይሰማም ይላሉ” አሉ። “እኔ ግን በብረቱ ውስጥ ስዳስሳቸው ነበር።”

አያ ይታገሱ አጥሩን ይዘው ቀሩ። ሰውየው ያለው ያንኑ ነበር፤ አሳረፈ ማለቱ ሙታኑን አሳረፈ ማለቱ ነው። ሲሰነጥቁት ነው ደም የወጣው።

ሲሳይነሽ የሣሩን ክብ አቋርጣ ገባች፤ እጇንም በቀዝቃዛው ክንድ ላይ አሳረፈች። አለበል እስከ ዛሬ ያልሰማውን ነገር የተናገረችው ያኔ ነው። “አባትህን በዶማና በአካፋ ሦስት ቀን ፈለጉት። እስከ ሁለተኛው ቀን ድረስ ከሥር ባልዲውን ሲያንኳኳ እንሰማው ነበር።” ከዚያ ወደ አቶ ገብረ ሕይወት ዞረች። “እወስደዋለሁ።”

ለወትሮው ዝምታ የሚጠቅመው ለገዢ ነው፤ አያ ይታገሱም ይህን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጋቢያቸውን ተቀብለው ለበሱ፤ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። ቀጥሎ የሆነውን የቡሬ ደላሎች እስካሁን አያምኑም። ዋጋው መጀመሪያ የጠራሁት ይሁን አሉ። አቶ ገብረ ሕይወት ለሁለተኛው እሺ ብያለሁ አሉ። እርስዎ እሺ ብለዋል፣ እኔ መቼ እሺ አልሁ አሉ አያ ይታገሱ። ሻጩ ዝቅ ሲያደርግ ገዢው ከፍ ሲያደርግ ክርክሩ ጦፈ። እሺ ብቻ ይሉ የነበሩት ሰው አሁን እጃቸውን እያወናጨፉ ተሟገቱ፤ ጉንጫቸውም ደም ለበሰ። ሲሳይነሽ በነገር ሰንጣቂው ጨሰች፤ እንደ ጌታ የሚለግሱት ለመኪናው ጎማ ያሰበችውን የእሷን ገንዘብ ነው። ልታስቆማቸው አፏን ስትከፍት ዓይናቸውን አየች፤ እንባ አቅርሯል። ተወቻቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ላይ ተገናኙና ተጨባበጡ።

ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ወደ ፍኖተ ሰላም ጉዞ ጀመሩ። አለበል ይነዳል፤ ሲሳይነሽ ከጎኑ ብረቱን ይዛ ቆማለች፤ አያ ይታገሱ ሌላ ቦታ ስላልነበረ በፊተኛው አካፋ ውስጥ ገብተው፣ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ከተማውን እንዳለፉ ሲሳይነሽ የመንገዱን ዳር አየች። ድምፁ በደረሰበት ሁሉ ሰው ይነሣ ነበር። በቆሎ የሚሸለቅቁት ተነሡ። ጠላ ቤት ደጃፍ የነበሩት ተነሡ። ወንዶቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። የሚናገር የለም። ጉሙ ውስጥ የቆሙ ሰዎች ብቻ፣ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚቆሙት።

“እማ፣ ለቀብር ነው የቆሙልን” አለ አለበል።

ሲሳይነሽ የቆመውን ሰው አየች። ይህን ሰው ሁሉ ነው ነገ በየደጁ እየዞረ ልቆፍርላችሁ የሚለው። እንቢ ካሉት ገመዱን ከግድግዳው ያወርዳል፤ ተመልሶ ይገባል ጉድጓድ።

ያኔ ከፊተኛው አካፋ ውስጥ አንድ እጅ ከጋቢ ወጣ።

“በእግዜር” አሉ አያ ይታገሱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። “በእግዜር፣ በእግዜር፤ ኧረ ተቀመጡ።”

ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ተነሥቶ “ኖር” ሲለው ክቡር እንግዳ የሚመልሰውን ነበር የሚመልሱት። ሰው ግን “ኖር” አላላቸውም፤ ዝም ብሎ ነው የቆመ። የመጀመሪያዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አያ ይታገሱ ግድ የላቸውም፤ በየመቶ እርምጃው ለአገሩ ሁሉ እጅ እየነሡ፣ እንዲህ ማክበር ከየት ተማራችሁ፣ ለእኔ ብላችሁ ስትነሡማ ደግ አይደለም፣ ቁጭ በሉ እያሉ ያልፋሉ። አንድ ቦታ ሴቶች ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ሳቁ። ማንኩሳ መግቢያ ላይ በትራቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው ነው፤ ፊታቸው የቀብር ፊት ነው። “በእግዜር” ሲባሉ ከንፈራቸው ብቻውን፣ በልማድ፣ ተከፈተ።

“ኖር” አሉ።

ከኋላቸው የነበሩትም ተቀበሏቸው፤ ኖር፣ ኖር፣ ኖር እያለ ቃሉ በመንገዱ ዳር ከሰው ወደ ሰው ሄደ። አለበል መሪውን እንደያዘ ራሱን ቀና አደረገ።

አያ ይታገሱ ከአካፋው ውስጥ ዞር ብለው ሲሳይነሽን አዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ አንገታቸውን ዘመም አደረጉ፤ ወርቁን ግን ለእሷ ተዉት። እሷ የምታየው የጋቢያቸውን ጫፍ ነበር፤ ነፋሱ ገልጦት ጀርባቸው ተጋልጧል፤ በዚያ ሰፊ ብረት ውስጥ እንዴት ትንሽ ሰው ኖረዋል።

“ቀስ ብለህ ንዳ” አለችው ልጇን። “አያ ይታገሱን ብርድ ይመታብኛል።”