የገደል ማሚቶ ሽምግልና

«እኔ ጋ'ኮ ይሠራል!» ብሎ ለሚምል ወንድ ሴት ልጃችሁን አትዳሩ! የሰው ስም ለማጥፋት ብዬ አይደለም፤ ራሴ ምዬ ራሴ ስለ ተዋረድሁ ነው።

ደባርቅ ቁጭ ብዬ ፕለጊን ሠራሁ። ፕለጊን ማለት ድምፅ መቅጃ ፕሮግራም ላይ የሚለጠፍ፣ የዘፋኙን ድምፅ የሚያሳምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። የእኔው ደግሞ የስሜንን ገደል ማሚቶ ይጨምራል። አፋፉ ላይ ቆሜ ስጮህ ውዬ፣ ገደሉ የመለሰልኝን ቀድቼ ያበጀሁት ነው። (ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ሣር መንጨታቸውን ትተው እንዴት እንዳዩኝ ብነግራችሁ… ተዉት ብቻ!)

ታዲያላችሁ፣ ዳባት ላይ ሰላም የምትባል ልጅ ልቤን ወስዳዋለች። አባቷ ጋሽ ዘውዱ የሠርግ ዘፈን የሚቀዱበት ስቱዲዮ አላቸው። ሽማግሌ ላክሁ። የንስሐ አባቴ መምሬ አየነው ሽማግሌዎቹን መርተው ሄደው፣ እንደ ወጉ ቆመው ለመኑልኝ።

«ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጋሽ ዘውዱ ጠየቁ።

መምሬ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የገደል ማሚቶ ይሸጣል!»

«እንግዲያው ይላክልኝና ልየው። ከሠራ እሺ። ካልሠራ ግን ልጄን ለወሬኛ አልሰጥም!»

መልሱ እንደ ደረሰኝ አላደርሁም፤ በቴሌግራም ላክሁላቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች! ወዲያው ደወሉ።

«አንተ ልጅ፣ አልከፈት አለኝ እኮ!»

«እኔ ጋ ይሠራል፣ ጋሼ! ማርያምን!»

«ታዲያ ልጄን ለኮምፒውተርህ ልዳራት?»

መምሬን ይዤ ዳባት በሚኒባስ ከች አልሁ። ጋሽ ዘውዱ ኮምፒውተራቸው ፊት ተኮፍሰዋል። ስክሪኑ «ፋይል አልተገኘም» ይላል። ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። የእኔ ፕለጊን ብቻውን አይቆምም፤ ከሥሩ ሆነው የሚደግፉት ሌሎች ፋይሎች አሉ። እኔ ኮምፒውተር ላይ ድሮ ገብተው ስለ ተቀመጡ ጭራሽ ረስቻቸዋለሁ። ለካስ ሙሽራዬን ያለ ሚዜ ነው የሰደድሁት!

በስልኬ ኢንተርኔት የጎደለውን አውርጄ ጫንሁ። ሌላ ጎደለ! እሱንም ጫንሁ… ሌላ! ደጋፊው ራሱ ደጋፊ አለው፣ የደጋፊው ደጋፊም እንዲሁ። ማን በማን ላይ እንደ ቆመ የሚያሳይ ፕሮግራም ብከፍት ዝርዝሩ ወደ ታች ተንዠረገገ።

መምሬ አንገታቸውን አስግገው፣ «ይህማ የዘር ቆጠራ ነው!» አሉ።

«ነው እንጂ አባቴ! እስከ መጨረሻው ካልተቆጠረ አይሠራም።»

ሁሉንም ጫንኋቸው። ማይኩን ከፍቼ «ሃሎ!» ስል ስቱዲዮው «ሃሎ… ሃሎ…» አለ። ወይ ደስታ! መምሬን አቅፌ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

ጋሽ ዘውዱ ግን ፈገግም አላሉ። «ጥሩ። የሱ ዘር ተቆጠረ፤ አሁን ያንተ ይቆጠር። ዘመዳሞች ሆናችሁ ብትገኙስ? በል፣ ሰባት ቤት ቁጠር!»

«አባቴ ደሳለኝ፣ አያቴ አያሌው፣ ቅድመ አያቴ ቢተው…» ከዚያ ወዲያ ያለውን አላውቀውም።

«አልተገኘም በለኛ!» አሉ ጋሽ ዘውዱ።

ሰላም በር ላይ ቆማ ኖሯል፤ «እናትህ ጋ ደውል እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» ብላ ጮኸች። ወይ የኔ ዓለም!

ጃናሞራ ላለችው እናቴ ደውዬ፣ ስልኩን ጮክ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት።

«እማ፣ ሰባት ቤት ቁጠሪልኝ፣ ቶሎ በይ!»

«ዕድሜህን ሙሉ ስነግርህ ጆሮህን በማዳመጫ ደፍነህ! እንካ ስማ፤ ደሳለኝ…»

«ደሳለኝ… ደሳለኝ…» አለ ስቱዲዮው።

ማይኩን አልዘጋሁትም! «አያሌው… አያሌው… አያሌው… ቢተው… ቢተው… ቢተው…» ልዘጋው እጄን ስሰድ መምሬ ያዙኝ፤ «ተው! ዘር ሲቆጠር አይቋረጥም!» እናቴ እቴ፣ ትንፋሽም የላት። ጋሽ ዘውዱ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጣት ያጥፋሉ። የሁለት እጃቸው ጣት አለቀ፣ እንደ ገና ጀመሩ፣ እሱም አለቀ። እኔ ቆሜ እየጸለይሁ ነው።

«በቃ! በቃ ይበሏቸው!» ብለው ጋሽ ዘውዱ ከወንበራቸው ተነሡ። «እኔ ሰባት ቤት ብል ሃያ አንድ ወረዱ እኮ! እስካሁን ከኛ ጋር የሚገጥም ስም የለም። ትንሽ ከቆዩ ግን አዳም ጋ ደርሰን ዘመድ መሆናችን ነው… ልጅቱን ሳንዛመድ ቶሎ ውሰድልኝ!»